አሥመራ ስንት ሰዓት ነው?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ኦልድ ኤርፖርት ሲባል ሰፈሩ እንጂ አውሮፕላኑ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ይኸው የልደታ ሜዳ ነበር። ዳግላሱም ያለፈው በአሥመራ በኩል ነው። አሥመራ በአየር 700 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ለጄት የአንድ ሰዓት ከምናምን መንገድ ናት። በ1990ው ጦርነት መስመሩ ሲቋረጥ ግን መንገደኛው ለ20 ዓመት በካይሮ ወይም በዱባይ መዞር ግድ ሆነበት። ሐምሌ 2010 ተከፈተ፤ እልል ተባለ። ነሐሴ 2016 እንደገና ተቋረጠ። እንግዲህ ወዳጄ፣ የእናቱ ቀብር ላይ ለመድረስ የሚጣደፍ ሰው ከአውሮፕላኑ ፍጥነት ይልቅ የሁለቱን መንግሥታት ፊት አይቶ ሰዓቱን ይቁጠር።