የአንድ ወንዝ ልጆች

በአገራችን ሰው ከቤቱ ርቆ ሳለ የትውልድ ቀዬውን ሰው ያገኘ እንደ ሆነ «የወንዜ ልጅ» ብሎ አቅፎ ይስመዋል። ወንዙን መጥራቱ በከንቱ አይደለም። አባቶቻችን ከአንድ ውኃ መቅዳትን፣ በአንድ ውኃ መታጠብን፣ በአንድ መሻገሪያ መገናኘትን ከዝምድና ይቈጥሩት ስለ ነበር ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰው የማን ወንዝ ልጅ ነው? ይህን ለመመለስ የከተማችንን ታሪክ በውኃዋ በኩል መመልከት ያሻል።

ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው፣ ከጋራው አናት ሲደርስ በሁለት ታላላቅ ወንዞች ወሰን ላይ መቆሙን ይወቅ። በሰሜን በኩል በሱሉልታ የዘነበው ውኃ በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ ይገባል። በደቡብ በኩል የዘነበው ግን በቀጨኔ፣ በግንፍሌ፣ በቀበናና በሌሎችም ጅረቶች ከተማዪቱን አቋርጦ፣ በትንሿና በትልቋ አቃቂ ተሰብስቦ፣ በአባ ሳሙኤል ግድብ አልፎ ከአዋሽ ይቀላቀላል። አንዱ ጠብታ ሜዲትራኒያን ባሕር ሲደርስ፣ ጎረቤቱ በአፋር ምድር ይቀራል።

ከተማዪቱን የወለዳት ይኸው ውኃ ነው። ክፍለ ከተማችን ስሙን የወረሰው ከጉለሌ ኦሮሞ ነው፤ ፍል ውኃ የሚመነጭበትም ሜዳ ፊንፊኔ ይባል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ከትመው ሳሉ፣ ጋራው ብርድና ነፋስ የበዛበት ነበርና፣ መኳንንቱና ሠራዊቱ ወደ ፍል ውኃው እየወረዱ ገላቸውን ይታጠቡ፣ ይዝናኑም ነበር። እቴጌ ጣይቱም የቦታውን ማማር አይተው በዚያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ በ1879 ዓ.ም. ስሙን አዲስ አበባ አሉት። ስለዚህ ዋና ከተማችን የተቈረቈረችው ሰው ወደ ውኃ ለመዝናናት በወረደ ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሕዝቡም ከወንዙ አልተለየም። ልብስ በእንዶድ የሚታጠበው፣ ልጅ ዋና የሚማረው፣ የሠፈር ወሬ የሚሰማው በወንዝ ዳር ነበር። በዓሎቻችንም ከውኃ አይርቁም፤ በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ይወርዳሉ፣ በኢሬቻም ምስጋና በውኃ ዳር ይቀርባል። በ2012 ዓ.ም. ኢሬቻ ከብዙ ዘመን በኋላ በአዲስ አበባ ሲከበር፣ ጥምቀት ደግሞ በዚያው ዓመት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጻፈ።

ነገር ግን ከተማዪቱ በሰፋች ቍጥር ቤቶቹ ጀርባቸውን ለወንዝ ሰጡ፤ ቀድሞ የውኃ መቅጃ የነበረው የጥራጊና የፍሳሽ መጣያ ሆነ። ይህን የሚጽፈው ሰው ልጅ ሳለ፣ ከአዲሱ ገበያ በታች ባለ ጅረት ከጓደኞቹ ጋር ድንጋይ እየከመረ፣ ውኃውን እየገደበ ይዋኝ ነበር። አንድ ቀን ውኃው መልኩን ለውጦ፣ የማይታወቅ ሽታ ይዞ ወረደ። እናቴ ገላዬን ሦስት ጊዜ አጥባ፣ «ሁለተኛ እንዳትወርድ» አለችኝ። እኛም ወደ ወንዝ መውረዳችንን ተውን፤ ወንዙን የሚጠብቅ ዓይን ያን ዕለት ጠፋ።

ደግነቱ ከተማው ፊቱን ወደ ወንዙ መመለስ ጀምሯል። በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ዕቅድ ወጣ፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፤ ከዚያም ወዲህ በወንዝ ዳር የእግር መንገድ ተሠርቷል፣ ዛፍም ተተክሏል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወንዝ የሚበክለውን የሚቀጣ ደንብ ወጥቷል። በቅርቡ ልጄን ይዤ በቀበና ዳር ስንሸራሸር፣ ልጁ ወደ ውኃው እያየ፣ «አባዬ፣ መንካት ይቻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። መንገዱ ያማረ፣ አበባውም የፈካ ነበር፤ ሆኖም «አዎ» ለማለት አልደፈርሁም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የለንደኑ ቴምዝ በ1957 እ.ኤ.አ. ሕይወት የሌለው ወንዝ ተብሎ ነበር፤ ፍሳሹ መጣራት ሲጀምር ዓሣው ተመለሰ። በፓሪስም በሴን ወንዝ መዋኘት በ1923 እ.ኤ.አ. ተከልክሎ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2025 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተፈቀደ። ሁለቱም የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የዳርቻው ውበት የሚጸናው ውኃው ሲጠራ መሆኑ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ የጉለሌ ሰው የላይኛው ሠፈር ነዋሪ ነው። እኛ የጣልነው ዛሬውኑ ወደ ታች ይወርዳል፤ በአቃቂ አትክልት የሚያጠጣው ገበሬ፣ በአዋሽ ዳር ከብት የሚያሰማራው አርብቶ አደር ይቀበለዋል። ያን ሰው በዓይናችን ባናየውም የወንዛችን ልጅ ነው። መንግሥት መንገዱን ይሠራል፣ ደንቡንም ያወጣል፤ የጓሮውን ፍሳሽ ከጅረት ማራቅ ግን የየቤታችን ሥራ ነው። ልጆቻችን ያለ ፍርሃት እጃቸውን ወደ ውኃው የሰደዱ ዕለት፣ ያን ጊዜ በእውነት የአንድ ወንዝ ልጆች እንባላለን።