ጅግራ፦ የዕለት ውሎና የአደን ወቅት

ጅግራ ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በሰፊው የሚኖር፣ ቀኑን በእግሩ እየሄደ ጭሮ የሚመገብ፣ ሌሊቱን ዛፍ ላይ የሚያሳልፍ የዱር ወፍ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኑሚዳ ሜሊያግሪስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1758 የሰየመው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው። በኢትዮጵያ ከሚታደኑ ወፎች መካከል ከቆቅ ጋር በቀዳሚነት ይጠቀሳል። አሜሪካውያን በፀደይ ወራት የሚያድኑት የዱር ቱርኪ በአገራችን የለም፤ በውሎውም በአዳሩም ከእሱ ጋር የሚቀራረበው ጅግራ ነው። ይህ መጣጥፍ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በሸካ ዞን ከማሻ እስከ ቴፒ ባለው ምድር ላይ ያተኩራል።

መልክ

ርዝመቱ ከ53 እስከ 58 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ላባው ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ ነው። ራሱ ላባ የለውም፤ አናቱ ላይ የቆመ የአጥንት ጉብታ አለው። ወንዱና ሴቷ በመልክ እጅግ ይመሳሰላሉ። የሚለዩት ይበልጥ በድምፅ ነው፤ በሁለት ስልት ከፍና ዝቅ እያለ የሚደጋገመው ጥሪ የሴቷ ነው።

መኖሪያ

በኢትዮጵያ በተለምዶ ሁለት ንዑስ ዝርያዎች ይጠቀሳሉ። አንደኛው ከምሥራቅ ቻድ ተነሥቶ በሱዳን አልፎ እስከ ሰሜን ኬንያ ይዘልቃል፤ የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ ጅግራ ከዚህ ወገን እንደሆነ ይታመናል። ሌላው በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያና በሶማሊያ ይገኛል፤ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1899 በሳይንሳዊ ጽሑፍ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኦስካር ኖይማን ነው። ኖይማን ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1900 እና 1901 ኢትዮጵያን አቋርጦ እስከ ከፋ ድረስ ተጉዟል፤ ስለ አካባቢው ወፎች ቀደምት ከሆኑት የጽሑፍ መረጃዎች ውስጥ ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ ጉዞ ነው። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ደረቅ ቆላዎች ደግሞ አንገቱ የረዘመ፣ ደረቱ ደማቅ ሰማያዊ የሆነ ሌላ የጅግራ ዝርያ አለ።

ጅግራ ገላጣ ቦታ ይወዳል። ቁጥቋጦ የተቀላቀለበት ሣር፣ የእርሻ ዳርቻ፣ ታርሶ የተተወ መሬት፣ በአቅራቢያው ውኃና ረጅም ዛፍ ያለበት ስፍራ ይስማማዋል። በሸካ ዞን እንዲህ ያለው መሬት በብዛት የሚገኘው በየኪ ወረዳ ዝቅተኛ ቦታዎች ነው። ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ማሻ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ዝናባማ ደጋ ላይ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገበው የሸካ ደን ጥቅጥቅ ያለው ክፍል የጅግራ ቤት አይደለም። በዚያ ቦታውን የሚይዘው ቆቅ ነው፤ ከደጋ ቆቆች አንዱ ንዑስ ዝርያ «ካፋኑስ» ተብሎ በከፋ ስም ተሰይሟል። በማሻ ጫካ ቆቅ የሰማ ሰው ጅግራ ሰማሁ ቢል አይፈረድበትም፤ ሁለቱም በንጋትና በምሽት ይጮኻሉ።

የዕለት ውሎ

በበጋ ወራት ጅግራ በመንጋ ይኖራል። በአንድ መንጋ 25 ያህል ወፎች መኖራቸው የተለመደ ነው፤ ውኃ በሚያንስበት ጊዜና ስፍራ ግን መንጋው ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ቀኑ የሚጀምረው ከማደሪያው ዛፍ ላይ በሚሰማ ጩኸት ነው። ወፎቹ ጎህ ሲቀድ ይንጫጫሉ፤ ወዲያው ግን አይወርዱም። ብርሃኑ መሬቱን በደንብ እስኪያሳያቸው ቅርንጫፍ ላይ ቆይተው አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ጤዛ የበዛበትን ሣር ስለማይወዱ፣ ዝናብ ባደረበት ጠዋት መንገድ ላይና ተራቁቶ በቆየ መሬት ላይ ይታያሉ። በቴፒ አካባቢ ማለዳ የሚጓዝ ሰው ጅግራን ጥርጊያ መንገድ ላይ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ከማለዳ እስከ ረፋድ ዋናው የምግብ ሰዓት ነው። መንጋው ብዙ ጊዜ ተራ በተራ ተሰልፎ ይሄድና ሜዳ ሲደርስ ይበተናል። ጭሮ የሚለቅመው የሣር ዘር፣ ሥራሥር፣ ምስጥ፣ ፌንጣና ትል ነው። ከአዝመራ በኋላ በማሳው ላይ የቀረውን እህል ይለቅማል። በዘር ጊዜ ደግሞ የተዘራውን በቆሎ ጭሮ ስለሚያወጣ ገበሬ ይጠላዋል፤ ይሁን እንጂ ከጥፋቱ ጎን ለጎን የሚበላው ተባይ ቀላል አይደለም። መንጋው በአንድ ቀን 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በእግሩ ሊጓዝ ይችላል። የሚበረው ሲደነግጥና ወደ ማደሪያው ሲወጣ ነው።

ቀትር ላይ እንቅስቃሴው ይበርዳል። ወፎቹ ጥላ ፈልገው ያርፋሉ፣ ላባቸውን ያበጥራሉ፣ በደረቅ አፈር ላይ እየተንከባለሉ ቅማልና ቁንጫ ያራግፋሉ። ፀሐይ ባለባቸው ወራት ዕረፍቱ ይረዝማል፤ በደመናማ ቀን ደግሞ ያጥራል፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ይቀራል። ስለ ጅግራ ውሎ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የተጠናው በደረቅና ገላጣ የአፍሪካ ምድር ስለሆነ፣ ደመና የማይለየውን ደቡብ ምዕራብ በዚያ ልክ መስፈር ጥንቃቄ ይሻል።

ተሲያት ላይ እንደገና ይመገባሉ። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ወደ ውኃ ይወርዳሉ፤ ጠጥተው ወደ ማደሪያቸው ያቀናሉ። አዳኝ የሚያደባው በዚህ ሰዓት ነው፤ ሰውም አውሬም። መንጋው መንገዱንና ሰዓቱን ብዙ ስለማይለውጥ በቀላሉ ይጠበቃል። ሥጋቱንም ስለሚያውቅ ይመስላል፣ ወደ ዛፉ ከመውጣቱ በፊት ቆም ብሎ አካባቢውን ይቃኛል፤ አንዱ ሲያስጠነቅቅ ሁሉም ጩኸቱን ይቀበለዋል። ከዚያ አንዳንዶቹ ከመሬት በቀጥታ፣ ሌሎቹ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለሉ ይወጣሉ። ቦታ ለመያዝ የሚደረገው ግፊያና ጫጫታ እስኪጨልም ይቀጥላል። ማደሪያ ዛፉ ካልተቆረጠና ወፎቹ ካልተባረሩ በቀር በአንድ ስፍራ ለረጅም ጊዜ ያድራሉ። ነቅንቆ የሚያባርራቸው ብዙውን ጊዜ አነር፣ ሸለምጥማጥ ወይም የሰው መብራት ነው።

በዝናብ ወራት የሚለወጠው

በሰሜን አሜሪካ ቱርኪን ለመራባት የሚቀሰቅሰው የፀደይ ቀን መርዘም ነው። ማሻ ላይ ግን በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እዚህ የፀደይን ሥራ የሚሠራው ዝናብ ነው። ሸካ በኢትዮጵያ እጅግ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ዝናቡ በመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል።

ዝናቡ ሲጀምር መንጋው ይፈታል፣ ወፎቹም ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። ወንዶቹ ይሯሯጣሉ፣ ይጣላሉ፤ ቀድሞ በምሽት ይበዛ የነበረው ጫጫታ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። ሴቷ በሣር ወይም በቁጥቋጦ ሥር መሬቱን ጫር አድርጋ ከ6 እስከ 12 እንቁላል ትጥላለች። ከ26 እስከ 28 ቀን የምትታቀፈው ብቻዋን ነው። በዚያ ጊዜ ውሎዋ ከመንጋው ውሎ ፈጽሞ ይለያል፤ ለመመገብ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ትልና ወዲያው ትመለሳለች። ወንዱ በአቅራቢያው ይጠብቃል፤ ከተፈለፈሉ በኋላም ጫጩቶቹን በመንከባከብ ይሳተፋል። ጫጩቶቹ ዛፍ ላይ መውጣት እስኪችሉ ድረስ እናቲቱ ከእነሱ ጋር መሬት ላይ ታድራለች። በዓመቱ ከሁሉ የከፋው አደጋ ያለው በእነዚህ ሌሊቶች ነው፤ ብርድና እርጥበት ለጫጩት ከአውሬ ባልተናነሰ አስጊ ነው።

መንጋው ሲበተን ዝምድናው አይጠፋም የሚለውን ሐሳብ የሚያጠናክር ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ጥናቱ በኬንያ ምፓላ በሰማያዊ ደረቱ ጅግራ ላይ የተደረገ ሲሆን፣ ወፎቹ ቋሚ አባላት ባሏቸው ቡድኖች እንደሚኖሩና ቡድኖቹም ከሌሎች እየመረጡ እንደሚገናኙ አሳይቷል። የእኛ ጅግራም እንዲሁ ያደርጋል ለማለት ግን በዚያ ጥናት ብቻ መደምደም አይቻልም።

የለማዳው ጅግራ መነሻ

በብዙ አገር በቤት የሚረባው ለማዳ ጅግራ ከየት እንደመጣ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። አንደኛው ወገን ምዕራብ አፍሪካን፣ ሌላው ኑብያንና ኢትዮጵያን ይጠቅሳል።

የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ደጋፊዎች ማስረጃ ከጥንት ጽሑፎች ይነሣል። የግብፅ ሥዕላዊ ጽሕፈት ጅግራን የሚያሳይ ምልክት አለው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ዳግማዊ በጥሊሞስ በእስክንድርያ ባሳየው ታላቅ ሰልፍ ውስጥ ጅግራዎች ከጣዎስና «የኢትዮጵያ ወፎች» ከተባሉት ጋር በሳጥን ሆነው ማለፋቸው ተጽፏል። በዚያ ዘመን አጠራር «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ስለሚያመለክት፣ ቃሉን ከዛሬዋ አገር ጋር በቀጥታ ማያያዝ አይገባም። ይበልጥ ክብደት ያለው የሮማዊው የእርሻ ጸሐፊ የኮሉሜላ ምስክርነት ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ኮሉሜላ ሁለት ዓይነት ጅግራ ለይቷል፤ የአንዱ የራስ ጌጥ ቀይ፣ የሌላው ሰማያዊ ነው። ሰማያዊው ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወፍ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሮማውያን ከሁለት አቅጣጫ የመጣ ጅግራ ያውቁ ነበር ተብሎ ይገመታል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን ዛሬ የሚረባው ለማዳ ጅግራ በምዕራብ አፍሪካ እንደተላመደ አመልክቷል። ሁለቱ ነገሮች የግድ አይጋጩም፤ የኑብያው ወፍ ወደ ሜዲትራኒያን መድረሱ እውነት ሆኖ፣ ዘር የቀረለት የምዕራቡ ሊሆን ይችላል። ሊኔየስ የጥንቱን የጅግራ መጠሪያ «ሜሊያግሪስ»ን ለአሜሪካው ቱርኪ የወገን ስም አድርጎ በመስጠቱ የሁለቱ ወፎች መምታታት በሳይንስ መዝገብ ላይ እስከ ዛሬ አለ።

አደን

በገጠር ጅግራ በአሽክላና በሌላ ወጥመድ ይያዛል፣ በወንጭፍ ይመታል፣ በጠመንጃም ይገደላል። ነፍሱ ሳይወጣ በቢላ ካልተባረከ ሥጋውን የማይበሉ ብዙ ናቸው። በሸካ ባህል ጉዶ የሚባሉ የተከበሩ የደን ቦታዎች አሉ፤ በእነዚህ ቦታዎች ዛፍ መቁረጥም ሆነ ሌላ ጉዳት ማድረስ ነውር ነው።

በሕግ በኩል የዱር እንስሳት አደንን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 61 እ.ኤ.አ. በ1944 ወጥቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል።

አሜሪካውያን ቱርኪን በመራቢያው ወራት ማደናቸው አንዳንድ ጊዜ ለሌላ አገርም እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል። የዚያ ሥርዓት መሠረቱ ወንዱ ከሴቷ በግልጽ መለየቱ ነው፤ ወንድ ቱርኪ ብዙ ሴቶችን ያጠቃል፣ አይታቀፍም፣ ጫጩትም አያሳድግም። ስለዚህ ሴቷ ከተጠቃች በኋላ ወንዱ ቢገደል ጎጆው አይፈርስም። በአንዳንድ ግዛቶች አደኑ እስከ ቀትር ድረስ ብቻ መፈቀዱም ይህንኑ ጥንቃቄ ይጨምራል። ጅግራ ግን በጥንድ ይኖራል፣ ወንዱና ሴቷ በዓይን አይለዩም፣ ሁለቱም ለጫጩት ያስፈልጋሉ። በዝናብ ወራት የተተኮሰ ጥይት የሚገድለው የታቀፈችውን እናት ይሁን ጠባቂዋን ተኳሹ ሊያውቅ አይችልም። በየኪም ሆነ በጎረቤት ቆላዎች ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ጅግራን መተው፣ አደን ካለም መንጋው ተመልሶ በሚሰበሰብበት በበጋ ብቻ መፍቀድ ይገባል።