ካሬ፣ ክብ፣ ጎን፦ የጂኦሜትሪ ቃላት ከየት መጡ?

ቦሌ፣ ሰሚት ወይም አያት ያደገ ልጅ «ካሬ»ን የሚያውቀው ከደላላ አፍ ነው፤ «ቦታው 140 ካሬ ነው» ሲባል ይሰማል። ክፍል ሲገባ ደግሞ ካሬ ማለት አራቱም ጎኖቹ፣ አራቱም ማዕዘኖቹ እኩል የሆኑ ቅርፅ ነው ይሉታል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ነው፤ የሩቅ ሥሩም የላቲኑ «አራት» ነው። የደላላው ካሬ «ካሬ ሜትር» ሲያጥር የመጣ ነው። ወለሉ ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በጠመኔ አስምሮ ልጁን መሃሉ ላይ ማቆም ሁለቱን ያስታርቃል።

«ጂኦሜትሪ» ግሪክኛ ነው፤ «ጌ» ምድር፣ «ሜትሮን» መለኪያ። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው ጥበቡ የተጀመረው በግብፅ፣ የዓባይ ሙላት የወሰደው መሬት ተለክቶ ግብሩ ሲቀነስ ነው። በእኛም አገር በዐፄ ምኒልክ ዘመን መሬት የሚለካበት ገመድ «ቃላድ» ይባል ነበር፤ ስሙ ለተለካው መሬትም ተረፈ።

«ክብ» የራሳችን ነው፤ ከ«ከበበ» ወጣ። «ክበብ»ና «ከበባ» ዘመዶቹ ናቸው። አንድ ተማሪ የሲባጎ ጫፍ ይዞ ይቁም፤ ሌላው ሲባጎውን ወጥሮ ይዙረው። የቆመው ተከበበ፤ የተወጠረው ሲባጎ ደግሞ ራዲየስ ሆነ። የሐኪም ቤቱ «ራጅ»ም በጣሊያንኛ በኩል ከዚሁ ከላቲኑ «ራዲየስ» የመጣ ነው።

«ፖሊጎን» ውስጥ ያለው «ጎን» ግን ያታልላል። ምንጩ የግሪኩ «ጎኒያ» ነው፤ ትርጉሙም ማዕዘን። ከአማርኛው «ጎን» ጋር የሚጋራው ድምፅ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ሒሳብ የሚማረው ልጅ «ትራያንግል» ሲል ማዕዘን ይቆጥራል፤ የአማርኛው መጽሐፍ «ጎነ ሦስት» ሲል ጎን ይቆጥራል። ሦስት ስትሮ በክር ሰክታችሁ ጫፍና ጫፉን እሰሩት፤ ጎኑም ማዕዘኑም በእጅ ይዳሰሳል። ቢጫኑትም ቅርፁን አይለቅም። አራት ስትሮ ያለው ግን ወዲያው ይጣመማል። ሕንፃ ሠሪዎች መወጣጫውን በሰያፍ የሚደግፉት ለዚሁ ነው።

ይህን ጥንካሬ ስክሪን አያስዳስስም። የስክሪኑ ጥቅም ሌላ ነው። ማርኩስ ሆሄንዋርተር በ2001 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ውስጥ የጀመረው «ጂኦጀብራ» ጂኦሜትሪንና አልጀብራን በስሙ ያዳቀለ ፕሮግራም ነው። የጎነ ሦስቱን አንድ ጫፍ በጣት ሲጎትቱ ማዕዘኖቹ ይለዋወጣሉ፤ ድምራቸው ግን ከ180 ዲግሪ ፈቀቅ አይልም። በወረቀት መቶ ጊዜ መሣል የሚጠይቀውን በደቂቃ ያሳያል። «ዲጂታል» ራሱ «ዲጂቱስ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ጣት ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ታብሌቱ ከመከፈቱ በፊት ሲባጎውና ስትሮው ይቅደም፤ ከሁለቱም በፊት ግን የቃሉን ትርጉም ተማሪውን ጠይቁት።