አዋሽ ባሕር አይደርስም፦ ዝቃጭን የማድረቅ ታሪክ ከጨፋ ሜዳ ሲታይ



የዚህን ንግግር ርእስ ያሳወቅኋቸው አንዳንድ ባልደረቦቼ ሰዓቱ ከምሳ በፊት እንዳይሆን መክረውኛል። ምክራቸውን ተቀብያለሁ፤ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድና ከውስጡ ስለሚወጣው ዝቃጭ በአደባባይ መናገር በባህላችን ነውር ነው። ይሁንና ከተማን በአደባባዩና በሕንፃዎቹ ብቻ የሚያውቅ የታሪክ ተማሪ ግማሹን ብቻ ያውቃል። ከተማው ያስወገደው ነገር ወዴት እንደ ደረሰ መጠየቅም የታሪክ ሥራ ነው። እኔ ያደግሁት በጨፋ ሮቢት ስለሆነ፣ ጥያቄው ለእኔ የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከወረኢሉ ደጋ የመጣችው አያቴ በበጋ ኩበት ትጠፈጥፍ ነበር። እበቱን ከጭድ ጋር ታቦካለች፤ ስስ አድርጋ ጠፍጥፋ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፤ ፊቱ ሲደርቅ ትገለብጠዋለች፤ በመጨረሻም ክረምት ሳይገባ ከምራ ትከድነዋለች። ከዓመታት በኋላ ስለ ዝቃጭ አያያዝ ማንበብ ስጀምር፣ መሐንዲሶች በመርሕነት የሚያስቀምጧቸውን ነገሮች በአያቴ እጅ አስቀድሜ አይቻቸው እንደ ነበር ተረዳሁ፦ ንጣፉ ስስ ይሁን፤ ለውኃው መውጫ የሚከፍት ነገር ይቀላቀልበት፤ ይገለባበጥ፤ ከዝናብ ይጠበቅ።

የማድረቅ አስፈላጊነት ከቀላል ስሌት ይጀምራል። ከመቶ ኪሎ ቀጭን ዝቃጭ ውስጥ ደረቁ ነገር ሁለት ኪሎ ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዘጠና ስምንቱ ውኃ ነው። ደረቁ ነገር ከጠቅላላው ሩብ እስኪሆን ድረስ ውኃው ቢወጣለት፣ መቶው ኪሎ ወደ ስምንት ኪሎ ይወርዳል። ስለዚህ ዝቃጭን ሳያደርቅ የሚያጓጉዝ ከተማ፣ በነዳጅ ዋጋ ውኃ የሚያመላልስ ከተማ ነው። ውኃውም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከፊሉ በራሱ ክብደት ይንጠፈጠፋል፤ ከፊሉ ካልተጨመቀ አይወጣም፤ የቀረው ከቅንጣቶቹ ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር የሚለቀው በሙቀት ብቻ ነው። የማድረቂያ ዘዴዎች ታሪክ እነዚህን ውኃዎች በየተራ የማስለቀቅ ታሪክ ነው።

ታሪኩ ጎልቶ ከሚታይባቸው ከተሞች አንዷ ለንደን ናት። እ.ኤ.አ. በ1858 በጋ የቴምዝ ወንዝ ግማት የፓርላማውን አባላት እስከ ማስጨነቅ በደረሰ ጊዜ፣ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት የከተማዋን ፍሳሽ ወደ ምሥራቅ የሚወስዱ ታላላቅ ቦዮች እንዲሠራ ተወሰነ። ግማቱ ከመሐል ከተማ ራቀ፤ ታች ያሉት ግን ተቀበሉት። ቆይቶ ፍሳሹ እንዲጠልል ሲደረግ ዝቃጩ ተከማቸ፤ ከ1887 ጀምሮም በመርከብ እየተጫነ ባሕር ውስጥ ይደፋ ጀመር። ይህ አሠራር የቆመው በ1998 ነው። ለንደን ከመቶ ዓመት በላይ ዝቃጭዋን ማድረቅ ያላስፈለጋት ባሕር ስለነበራት ነው። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ባሕር የሌላቸው ወይም ባሕርን ያልመረጡ ከተሞች ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው። በጀርመን ካርል ኢምሆፍ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ባስተዋወቀው ባለ ሁለት ፎቅ ገንዳ ዝቃጩ ከታች ሆኖ ለወራት ይብላላል፤ የተብላላ ዝቃጭ ደግሞ በአሸዋ መደብ ላይ ሲፈስ ውኃውን ቶሎ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1914 በማንቸስተር አርደርንና ሎኬት አየር እየነፉ ፍሳሽን የሚያጣሩበትን ዘዴ ይፋ አደረጉ። ውኃው በእጅጉ ጠራ፤ ነገር ግን ከዘዴው የሚወጣው ዝቃጭ እንደ አብሽ ለጋ ውኃን አጥብቆ የሚይዝ ሆነ። በዚህ የተነሳ የማጥለያና የመጭመቂያ መሣሪያዎች ይበልጥ ተፈለጉ። በአሜሪካ የሚልዋኪ ከተማ ይህንኑ ዝቃጭ በማጥለያ ካጠነፈፈች በኋላ በሚሽከረከር ምድጃ አድርቃ፣ ከ1926 ጀምሮ ሚሎርጋናይት በሚል ስም በማዳበሪያነት ትሸጠው ጀመር። ምድጃው ግን ነዳጅ ይበላል። አንድ ኪሎ የፈላ ውኃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ብቻ 2,260 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ፀሐይ ይህን በነፃ ትሰጣለች፤ በምትኩ ሰፊ መሬትና ትዕግሥት ትጠይቃለች።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ዘመን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ያለ ዘመናዊ የፍሳሽ መስመር ኖራለች። የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ የተሠራው በ1970ዎቹ ሲሆን፣ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲቀበል የታቀደ የኩሬዎች ሥርዓት ነበር፤ በኋለኛው ማስፋፊያ አቅሙ ወደ 100,000 ሜትር ኩብ አድጓል። ከመስመር ውጭ የቀረው ሕዝብ ግን ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል። መኪናው የጫነው ዝቃጭ በቃሊቲና በኮተቤ ፀሐይ ላይ እንዲደርቅ ይደረግ ነበር። የአሸዋ መደብ አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ፣ ከሥር ውኃውን የሚሰበስብ ቧንቧ። ዝቃጩ ከሃያ እስከ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይፈስበታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃው ወደ ታች ይንጠፈጠፋል፤ ከዚያ ፀሐይና ነፋስ የቀረውን ይወስዳሉ፤ ሲሰነጣጠቅ በአካፋ ይነሣል። ክረምት ሲመጣ ግን ሰማዩ ያንኑ መደብ መልሶ ያረጥበዋል። አያቴ ኩበቷን ከሰኔ በፊት የምትከድነው ይህን ስለምታውቅ ነበር።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ውኃ ነው። የደረቀ ነገር ሁሉ ግን ንጹሕ አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን በየጊዜው ኮሶ ይጠጡ እንደ ነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የኮሶ ትል እንቁላል ከሰው ዐይነ ምድር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ከብት፣ ከከብት በጥሬ ሥጋ ወደ ሰው ይመለሳል። የወስፋት እንቁላል ደግሞ በደረቀ ዝቃጭ ውስጥ ለወራት ሊቆይ የሚችል ጠንካራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለእርሻ የሚውል ዝቃጭ በአንድ ግራም ደረቅ ነገር ከአንድ እንቁላል በታች እንዲኖረው ያሳስባል፤ በሞቃት አካባቢም ከአንድ ዓመት በላይ ማቆየትን ይመክራል። ስለዚህ ከመደብ ላይ የተነሣ ዝቃጭ ግማሽ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው፤ የቀረውን መንገድ የሚጨርሰው ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ጨፋ እንምጣ። ጨፋ የሚለው ቃል በአፋን ኦሮሞ ረግረጋማ የሣር መስክን ያመለክታል። በበጋ የኦሮሞና የአፋር ከብት አርቢዎች መንጎቻቸውን ይዘው የሚመጡት ሌላው አገር ሲደርቅ ይህ ሜዳ ስለማይደርቅ ነው። ሜዳውን የሚያጠጣው ቦርከና ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ ይመጣል። በኮምቦልቻ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበሉት ሌዮሌና ወርቃ የተባሉ ወንዞችም ይገቡበታል። ረግረግ የወንዝን ፍጥነት ይሰብራል፤ ፍጥነቱን ያጣ ውኃ የተሸከመውን ያስቀምጣል። እንግዲህ ጨፋ፣ ማንም ሳይጠይቀውና ሳይፈቅድ፣ የላይኞቹ ከተሞች የዝቃጭ መደብ ሆኗል ማለት ነው። ልዩነቱ በዚህኛው መደብ ላይ ከብት መሠማራቱ ነው። እንደ ክሮሚየም ያለ የቆዳ ፋብሪካ ብረት ደግሞ አይተንም፤ ውኃው በወጣ ቁጥር በቀሪው ውስጥ ይከማቻል እንጂ። ከእንዲህ ያለው ፍሳሽ ጋር የተቀላቀለ የሰው ዝቃጭ በፀሐይም በጊዜም ወደ ማዳበሪያነት አይመለስም።

የእኛም ከተሞች ከነቀፋው ነፃ አይደሉም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በመላ አገሪቱ ብዙ መጸዳጃ ተቆፍሯል። ይህ ትልቅ ስኬት ነው፤ ነገር ግን የተቆፈረ ጉድጓድ አንድ ቀን ይሞላል። ከሚሴም ጨፋ ሮቢትም ይህን ቀን ሳይደርስ ሊያስቡበት ይገባል። ምድጃና ውድ መሣሪያ አልጠይቅም። ጎርፍ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ጣሪያ ያለው የአሸዋ መደብ፤ የሚንጠፈጠፈውን ውኃ የሚያጣራ ኩሬ፤ የደረቀው ከዓመት በላይ የሚቆይበት ክምር፤ የፋብሪካ ፍሳሽ የማይቀላቀልበት ሥርዓት፤ ከሁሉም በላይ ዝቃጩ የት እንደ ደረሰ የሚመዘግብና የሚጠየቅ ሰው።

ልብ በሉልኝ ወዳልኋችሁ ነገር ልመለስ። ለንደን ከመቶ ዓመት በላይ ባሕር ነበራት። የቃሊቲ ውኃ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፤ የቦርከና ውኃም ጨፋን አልፎ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በዚህ ተፋሰስ ውስጥ የምንጥለው ነገር ሁሉ የሚያርፈው ሰው በሚኖርበት፣ ከብት በሚሠማራበት ምድር ነው። ስለዚህ ዝቃጭን ማድረቅ ለእኛ የቴክኒክ ምርጫ ብቻ ሳይሆን፣ ከታች ላሉት ወገኖቻችን ያለብን ዕዳ ነው።