ሐሙስ ማታ ቀጠሮ አለን

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ከዋሽንግተን ፈቀቅ ብላ ስላለች አንዲት መስቀለኛ መንገድ ላውጋችሁ። ዘመኑ 1957፣ ቀኑ ጁላይ 4፣ አሜሪካውያን የነፃነት በዓላቸውን የሚያከብሩበት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለምጠራ እንዳትደናገሩ።) በዝ በዝቢ የሚባል ማንዶሊን ተጫዋች ቨርጂኒያ፣ ቤይሊስ ክሮስሮድስ በሚገኘው አድሚራል ግሪል ባንዱን ይዞ ሊጫወት ቀጠሮ ነበረው። ምን ዋጋ አለው! መኪና ተጋጨና እሱም ጓደኞቹም ተጎዱ።

ሳይጎዳ የቀረው ባንጆ ተጫዋቹ ቢል ኤመርሰን ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ስልኩን አነሳና የሚያውቃቸውን ጠራ። ቻርሊ ዋለር ጊታሩን፣ ጆን ደፊ ማንዶሊኑን አንጠልጥለው መጡ። የተጠራሩት የአንድ ማታ ቀዳዳ ሊደፍኑ ነበር። ሲጫወቱ ግን ድምፃቸው ገጠመ። «ካንትሪ ጀንትልመን» የተባለው ዝነኛ የብሉግራስ ባንድ በዚያች ማታ ተወለደ።

ቤይሊስ ክሮስሮድስን የአካባቢው ሰዎች ታውቁታላችሁ። ኮሎምቢያ ፓይክና ሊስበርግ ፓይክ የሚገናኙበት፣ ዛሬ የሐበሻ ምግብ ቤት የማይታጣበት ሰፈር ነው። ያኔ ክትፎ አልነበረም፤ አገሩ የናፈቀው ሰው ግን ሞልቶ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያም በኋላ ከዌስት ቨርጂኒያ፣ ከቴነሲ፣ ከኖርዝ ካሮላይና ተራሮች ብዙ ሰው እርሻውንና የከሰል ጉድጓዱን ትቶ ሥራ ፍለጋ ወደ ዋሽንግተንና ባልቲሞር ወርዷል። ከተሜው «ሂልቢሊ» እያለ ይስቅባቸዋል። እነሱ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ ከርመው፣ ማታ እናታቸው ቤት የሰሙት ዓይነት ድምፅ የሚሰማበትን መጠጥ ቤት ይፈልጋሉ። ብሉግራስን የገጠር ሙዚቃ ነው ለሚለኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው፦ ከገጠር የወጣ ሰው፣ ከተማ ሆኖ የሚሰማው ሙዚቃ ነው።

የብሉግራስ አባት ቢል ሞንሮ ነው። በ1911 ኬንታኪ ውስጥ ሮዚን በምትባል መንደር ተወለደ፤ በ1939 ናሽቪል ወደሚገኘው የሬዲዮ የሙዚቃ መድረክ፣ ወደ ግራንድ ኦል ኦፕሪ ገባ። ልጅ ሳለ አብረውት ከተጫወቱት መካከል አርኖልድ ሹልትዝ የሚባል ጥቁር ጊታሪስት ነበር፤ ሞንሮ የሱን ውለታ እስከ መጨረሻው ሲያነሳ ኖሯል። ባንጆውም ቢሆን የዘር ሐረጉ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ከተጋዙ ሰዎች ይመዘዛል። በ1945 መጨረሻ ኧርል ስክራግስ የሚባል ወጣት በሦስት ጣት ባንጆ እያንጣጣ ሞንሮን ተቀላቀለ፤ ዘፋኙ ሌስተር ፍላትም አብሯቸው ነበር። ሁለት ዓመት ቆዩና በ1948 ፍላትና ስክራግስ ጥለውት ወጥተው የራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ። ሞንሮ ቂመኛ ሰው ነበር። ፍላትን አላናገረውም። እሱን ለጊዜው እዚህ እናቆየው።

አሁን ወደ አድማጩ ልምጣ፤ ወሬዬ የሱ ነውና። አዝማሪ ቤት እንግዳው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። የብሉግራስ እንግዳ ደግሞ ባንጆውን ራሱ መኪናው ውስጥ ጭኖ ነው የሚመጣው። ፌስቲቫል ሄዳችሁ መድረኩን ብቻ አይታችሁ ከተመለሳችሁ ግማሹ ቀርቶባችኋል። ሌላው ግማሽ ያለው የመኪና ማቆሚያው ላይና ድንኳኖቹ መካከል ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ አንዱ ዜማውን ይጀምራል፣ ሌላው ይከተላል፣ ተራው የደረሰው በሶሎ ይወጣል፣ ከዚያ ለቀጣዩ ይለቃል። ጠበቃውም፣ ቧንቧ ሠራተኛውም፣ ጡረተኛውም እዚያ ክብ ውስጥ እኩል ናቸው። እጁ ያልፈታለት ሰው ኋላ ቆሞ ቀስ ብሎ ጊታሩን ይነካካል፤ የሚገላምጠው የለም።

ይህ አድማጭ ቀጂም ነበር። በ1950ዎቹ ማይክ ሲገርን የመሰሉ ወጣቶች ከባድ ቴፕ ተሸክመው ሜሪላንድ ራይዚንግ ሰን ወደሚገኘው ኒው ሪቨር ራንች እየሄዱ በየእሑዱ የሚዘፈነውን ቀድተዋል። እነሱ ባይቀዱት ብዙው ነፋስ በልቶት ነበር። በ1966 ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወዳጆች «ብሉግራስ አንሊሚትድ» የተባለ መጽሔት ጀመሩ። ሲነሳ ጥቂት ገጽ ብቻ ነበር፤ ዛሬም ይታተማል።

ከዚያ በፊት በ1965 ካርልተን ሄኒ የሚባል ሰው ነበር። ሞንሮን የሚያመልክ፣ ትንሽ ወፈፍ የሚያደርገው አዘጋጅ ነው፤ ይህን የምለው በአክብሮት ነው፣ ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጀምርማ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ቨርጂኒያ ፊንካስል አጠገብ አንድ የፈረስ እርሻ ላይ የሦስት ቀን ፌስቲቫል ደገሰ። እሑድ ዕለት ሞንሮን መድረክ ላይ አቆመና ታሪኩን መተረክ ያዘ። ከሞንሮ ጋር ሠርተው የተለዩትን እነ ማክ ዋይዝማንን፣ እነ ዶን ሬኖን፣ እነ ጂሚ ማርቲንን በየተራ እየጠራ ከቀድሞ አለቃቸው ጎን አቆማቸው። የዘመናት ታሪክ በአንድ ከሰዓት እፊታችሁ ሲያልፍ አስቡት! ፍላትና ስክራግስ ግን አልመጡም።

ያ ቂም በስንት ዓመቱ ፈረሰ መሰላችሁ? በ23። በ1971 ሞንሮ ኢንዲያና ቢን ብሎሰም በሚያዘጋጀው በራሱ ፌስቲቫል ላይ ፍላት መጣና ሁለቱ ተጨባበጡ፤ አብረውም ዘፈኑ። ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ቢኖር ኖሮ ቀድሞ ያልቅ ነበር እላለሁ፤ ፈረንጅ ግን በዚህ ይቸገራል።

ጆን ደፊስ? አባቱ የኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ዘፋኝ ነበሩ፤ እሱም ቀጭን፣ ጣራ የሚነካ ድምፅ ነበረው። በ1969 ጉዞው ሰልችቶት ካንትሪ ጀንትልመንን ተወና አርሊንግተን ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ሆነ። በ1971 መጨረሻ እሱና ጓደኞቹ ቤን ኤልድሪጅ ቤት ምድር ቤት እየተሰበሰቡ መጫወት ጀመሩ። እነማን ናቸው? ባንጆ ተጫዋቹ ኤልድሪጅ የሒሳብ ባለሙያ ነው። ዘፋኙ ጆን ስታርሊንግ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም። ዶብሮ የተባለውን ጊታር የሚጫወተው ማይክ ኦልድሪጅ የጋዜጣ ሠዓሊ። ባሱን የያዘው ቶም ግሬይ በናሽናል ጂኦግራፊክ የካርታ ባለሙያ። ራሳቸውን «ሰልደም ሲን» አሉ። ሥራችንን አንለቅም፣ አገር ለአገር አንዞርም፣ በሳምንት አንድ ማታ ግን እንጫወታለን ተባባሉ።

በዚህ መንገድ የሚኖር ባንድ አድማጩ ወደሱ ካልመጣ አለቀለት። መጣ። ቤቴስዳ ወደነበረው ሬድ ፎክስ ኢን፣ በኋላም ጋሪ ኦልዚ ይመራው ወደነበረው በርችሜር። በርችሜር ለብዙ ዓመት ሐሙስ ማታ የነሱ ነበር፤ ያው ደንበኛ ያው ወንበር ላይ እየተቀመጠ ያውቃቸዋል፣ ያውቁታል። ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው፦ ሙዚቃ ሲጀመር ወሬ ክልክል ነው። ገበያ የሚያባርር ሕግ ይመስላል አይደል? እሱ ነው ቤቱን ያቆመው። ደፊ በ1996 ልቡ ቆሞ እስኪሞት ድረስ ከባንዱ አልተለየም።

በዚያው አርሊንግተን፣ ባንጆ የማይነኩ ልጆችም የራሳቸውን ነገር ያበስሉ ነበር። የፓንክ ሙዚቀኛው የኢያን ማካይ አሳታሚ ዲስኮርድ ሪከርድስ የሚተዳደረው ከአንድ ተራ መኖሪያ ቤት ነበር፤ ዓለምን የዞረው ባንዱ ፉጋዚ መግቢያውን 5 ዶላር ላይ ለማቆየት ይታገል ነበር፤ ሕፃንም ሽማግሌም ይገባል። ጩኸቱ ለኔ ጆሮ ከባድ ነው። ሐሳቡ ግን ከሰልደም ሲን ብዙም አይርቅም፤ ሙዚቃውን ለአድማጩ አቅም ልክ ማድረግ ነው።

እንግዲህ የቀን ሥራ ያለው ሙዚቀኛ ካልን፣ የኛውን ሰው እንዴት እዘላለሁ? ጋሽ ኃይሉ መርጊያ በደርግ ዘመን ሒልተን የሚጫወተው የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ በ1981 አሜሪካ ሄደ፤ እሳቸው እዚያው ዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮናቸውን ይዘው «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ብቻቸውን ቀዱ። ከዚያ ታክሲ። ዳለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ አውጥተው ይለማመዱ ነበር።

በባሕር ዳር ከተማ ያን ካሴት ያገኘው ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የአፍሪካ ካሴት ሲለቅም የሚኖር፣ ትንሽ የሙዚቃ አሳታሚ ያለው ሰው። ጋሽ ኃይሉን ፈልጎ አገኛቸው፣ ደወለ፣ በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ። ቀጥሎ አማርኛ የማይሰሙ ወጣቶች አውሮፓና አሜሪካ ላይ ትኬት እየቆረጡ ሊሰሟቸው መጡ። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም ሲያወጡ ታክሲውን ገና አላቆሙም ነበር።