ክሪነም፦ የአንድ አበባ ስም ታሪክ

የጓሮ አትክልት ጽሑፎችን ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው ክሪነም አስቸጋሪ ስም ነው። ምንጩ «ክሪኖን» የተባለው የግሪክኛ ቃል ነው፤ ቃሉም በሰብዓ ሊቃናት ትርጉም፣ በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2፣ በእሾህ መካከል ያለችውን አበባ ይሰይማል። በዚያው ስፍራ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የምናነበው «የሱፍ አበባ» የሚለውን ነው። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ዓ.ም. በታተመው የእጽዋት መጽሐፉ ይህንኑ የግሪክኛ ቃል በላቲን መልክ የክሪነም ወገን መጠሪያ አደረገው። ዛሬ ግን ወገኑ የሚመደበው ከሊሊ ሳይሆን ከአማሪሊስ ቤተሰብ ነው። ሱፍም በዘመናችን አነጋገር የቅባት እህል ነው። ስለዚህ የጥንቱን አቻ ለክሪነም መስጠት አንባቢን ያሳስታል፤ «ክሪነም» እንዳለ እንዲወሰድ እንመርጣለን። አገራችንም «ክሪነም አቢሲኒኩም» በተባለው ዝርያ ስም ውስጥ ትጠቀሳለች።

ከዚህ የሚብሰው የተካዩ መመሪያ ነው፤ አንገቱ ከአፈር በላይ እንዲቀር ተደርጎ የሚተከለውን ክፍል ምን እንበለው? «አምፖል» ቢባል መብራትን ያሳስባል። «ሽንኩርት» ቢባል ቅርጹን ይገልጻል፤ ነገር ግን ሊኮሪን የተባለ መርዝ ስላለበት፣ የሚበላ የሚያስመስል ስም ሊሰጠው አይገባም። ገበያው ግን ቃል አላጣም፤ ነጭ ሽንኩርት «አንድ ራስ፣ ሁለት ራስ» እየተባለ ይቈጠራል። እንግዲህ «የክሪነም ራስ» ቢባል ቅርጹ ይታወቃል፣ ከምግብም ይለያል። ሙያዊ ቃል ስንመርጥ ከትርጉሙ ጋር የተጠቃሚውንም ደኅንነት መመዘን ይገባናል።