አዋሳ፣ አዋሰ፣ አወሳ

ሻሸመኔ መናኸሪያ ቆሞ የሚጣራውን የሚኒባስ ረዳት ስሙት። ታፔላው «ሀዋሳ» ይላል፤ እሱ ግን «አዋሳ! አዋሳ! የሞላ!» እያለ ይጮኻል። የረዳት አንደበት ትርፍ ፊደል አይሸከምም። ይህች «ሀ»ን የመጣል ነገር ግን ከእሱ የጀመረች አይደለችም፤ የአማርኛ የቆየ አመል ናት።

ግዕዝ ሐረሰ ያለውን አማርኛ አረሰ አለው። ሐለመ አለመ ሆነ፤ ሐሰበ አሰበ፤ ሐደሰም አደሰ። ጉሮሮ የሚጠይቀው ድምፅ ከጊዜ ብዛት ተራገፈ። መሐል የነበረውም አልተረፈም፤ ትግርኛ እስከ ዛሬ ዋሕስ የሚለውን እኛ ዋስ ብለን እንገላገለዋለን። የሲዳማው ሀዋሳ አማርኛ ተናጋሪው ጆሮ ሲደርስ የገጠመው ይኸው ዕጣ ነው። ቃሉ በሲዳሙ አፎ ሰፊ ማለት ነው፤ ስሙ መጀመሪያ የሐይቁ ነው፣ በ1950ዎቹ መግቢያ የተቆረቆረችው ከተማ ከሐይቁ ወሰደችው። የቦታው የቀድሞ መጠሪያ አዳሬ ዛሬ የከተማዋ ሆስፒታል ስም ሆኖ ይኖራል።

አዋሳ የተባለችው ከተማ ታዲያ፣ ሳታስበው፣ አማርኛ ውስጥ ዘመድ የሚመስሉ ቃላት መሐል ወደቀች።

የቅርቡ አዋሰ ነው። አማርኛ በዚህ ጉዳይ ቁጥብና ጠንቃቃ ነው። ጤፍ፣ ጨው፣ ገንዘብ ይበደሯል፤ የሚመለሰው ያው ሳይሆን አቻው ነውና። ወንፊት፣ ምጣድ፣ ወንበር፣ መጽሐፍ ግን ይዋሷል፤ የሄደው ራሱ መመለስ አለበት። ጎረቤት «ሲኒ አውሺኝ» ብላ ስትመጣ የትኛው ሲኒ እንደወጣ ባለቤቷ ታውቃለች፤ ጆሮው የተሸረፈው እንኳ ሳይቀር። በዚህ ሚዛን ከታየ የቋንቋ ሊቃውንት «የውሰት ቃላት» የሚሉት ስያሜ ራሱ ያጠያይቃል። የሀዋሳ ሰው ፒያሳን ከጣሊያን ተውሷል፤ ለጉብታው ታቦርን ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ለሰፈሩም ሞቢልን ከነዳጅ ኩባንያ። አንዳቸውም አልተመለሱም፤ ባለቤቶቹም አላስመለሱም። እኔ ብጠየቅ ነገሩ ከውሰት ይልቅ ለብድር ይቀርባል፤ አዲስ ከተማ ሲቆረቆር ስም በጤፍ ስፍር ይለካል መሰለኝ።

ዋስ ደግሞ ከበድ ያለ ታሪክ አለው። በድሮው ችሎት፣ ተሟጋቾች በበላ ልበልሃ አንደበታቸውን ሲያሳዩ፣ ከንግግሩ ማማር በፊት የሚፈለገው ዋስ ነበር። ዋስ ጠርቶ ያጣ ሰው ከከሳሹ ጋር በቁራኛ ይታሰራል፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይሄዳሉ፣ አንድ ላይ ያድራሉ። «ዓይነ ቁራኛ» የምንለው ከዚያ ተርፎ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1920 ጀምሮ ዋስትናን በወረቀት ሲደነግግ ቁራኛው ቀርቶ ፊርማው ቆየ። ዋስ ራሱ ሰዋስው ውስጥም ተሸጉጧል፤ ያ ግን አጋጣሚ ነው፣ ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ነው።

ሦስተኛው አወሳ ነው፤ አነሣ፣ ስለ አንድ ነገር ተናገረ። ግዕዙ አውሥአ፣ መለሰ ማለት ነው፤ አስታወሰም ጎረቤቱ ነው። እነዚህን ሁሉ ባንድ እስትንፋስ ለማለት የሚደፍር ይሞክራት፦ «ያዋሰኝን ያዋሳ ሰው አዋሳ ሆኖ አወሳ።» ሦስት ጊዜ አፍጥኖ ሳይደናቀፍ የተወጣት ምላሱ የተባረከ ነው።

የቅኔው መንገድ ግን ከምላስ ማሰልጠኛ የጠለቀ ነው። ኅብረ ቃል የሚሠራው አንድ ድምፅ ሁለት ትርጉም ሲሸከም፣ በተለይም «የ» ከተከታዩ ቃል ጋር ሲዋጥ ነው። «ምጣዱን ማን ሰጣቸው?» ቢባል፣ «ያዋሳቸው ልጅ!» ተብሎ ይመለስ። ሰሙ የአዋሳቸው፣ የከተማቸው ልጅ ነው፤ ወርቁ ምጣዱን ለጊዜው የሰጣቸው ልጅ። «ሳ» በሁለቱም ላልታ መነበቧ ጨዋታውን አስቻለች። እንካ ሰላንትያ የሚጫወቱ ልጆች ይህን ያህል አይደክሙም፤ ቤት መምታት ይበቃቸዋል፣ ለአዋሳ ደግሞ ዓሣ፣ አንበሳ፣ ጠባሳና ካሳ ተሰልፈው ይጠብቋቸዋል። ከሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ድረስ የሄደ ልጅ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። የሲዳማ ልጅ ከሆነም ከእንሰት የሚጋገረውን ዋሳ ይጨምራል።

አንድ «ኝ» ብትጨመር ደግሞ አዋሳኝ ይወጣል፤ ከወሰን የመጣ ሌላ ዘር። ከተማዋ ከኦሮሚያ ጋር የምትዋሰን ስለሆነች ይህኛው ጨዋታ የመልክዓ ምድር ድጋፍ አለው። አንዲት ፊደል ብትለወጥ ደግሞ ወደ አፋር ምድር ያስኬዳል፦ አውሳ፣ አዋሽ ወንዝ የሚያልቅበት፣ በ1577 እ.ኤ.አ. የሐረር ኢማም መቀመጫቸውን ያዛወሩበት፣ በኋላም የሱልጣኔት ስም የሆነው። በአማርኛ «አውሳ» ብሎ የሚያዝ ሰው ተናገር ማለቱ ነው፤ «ምጣዷን አውሳ ተመለሰች» የሚል ደግሞ ስላበደረች፣ ይቅርታ፣ ስላዋሰች ሴት ነው የሚያወራው።

ይህ ሁሉ የቆመው በተጣለችው «ሀ» ላይ ነበር። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምር ባለቤቱ ስሙን ከነመነሻ ድምፁ ጻፈው። በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተቋቋመው በ1998 ዓ.ም. ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ታፔላዎች፣ ማኅተሞች፣ የክለብ ማሊያዎች ተከተሉ። ከኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ በኋላ የሲዳማ ክልል ሲመሠረትም ዋና ከተማው በዚሁ አጻጻፍ ተመዘገበ። «የሀዋሳቸው ልጅ» ሲባል ታዲያ ምጣድ ያዋሰው ልጅ የለም፤ ወርቁ ጠፋ፣ ሰሙ ብቻ ቀረ። አልቆጭም። ሰው በስሙ ይጠራ ዘንድ አንድ ኅብረ ቃል ቢሞት ዋጋው ውድ አይደለም።

የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። ስሙ ተመልሶ ሲመጣ በየትኛው ሀ እንደሚጻፍ የተነጋገርን አይመስልም። አንድ ጎዳና ላይ ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ ሐዋሳ ተጽፎ ይነበባል፤ የጋዜጣ የቃላት ጨዋታ የሚሞላ ሰው ወደ ጎን ሐዋሳ ብሎ ወደ ታች «ሀገር»ን ሲጀምር አንዷ ሣጥን ላይ ይጣላል። በሲዳሙ አፎ የጉሮሮ ሐ የለም፤ ስለዚህ ሐመሩ ሐም ሆነ ብዙኃኑ ኀ የሚጠሩበት ምክንያት አይታየኝም። ሃሌታው ሀ ይበቃል። የከተማው አስተዳደር አንዱን መርጦ በታፔላዎቹ ላይ ቢያጸናልን ደግ ነበር።